አባቴ ሁሉን ረስቷል፤ የእግዚአብሔር መልክ ከእርሱ ተለይቷልን?

እህቴ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። አባትዎ ረጅም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን የመርሳት በሽታ ጸንቶባቸው ስምዎን አያውቁም፤ የጀመሩት ጸሎት መካከል ላይ ይጠፋባቸዋል፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ተናግረውት የማያውቁት ክፉ ቃልም አንዳንድ ጊዜ ያመልጣቸዋል። በልጅነትዎ ከእርሳቸው የተማሩት ትምህርት «ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ማለት ያስታውሳል፣ ያስተውላል፣ በፈቃዱ ይመርጣል ማለት ነው» የሚል ነበር። አሁን ሦስቱም ሲሄዱ እያዩ «ታዲያ መልኩ ከአባቴ ተለይቷልን? ካልተለየስ ምኑ ላይ ነው ያለው?» ብለው ጠይቀውኛል። የሚሳደቡት ነገር በኃጢአት ይቆጠርባቸው እንደ ሆነ፣ አብረዋቸው መጸለይዎም ጥቅም ይኖረው እንደ ሆነ አክለዋል።

አልተለየም። ይህን የምለው እንዲጽናኑ ብቻ ብዬ አይደለም፤ መጽሐፉን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሌላ መልስ ሊሰጥ አይችልም ብዬ ስለማምን ነው። ጥያቄዎ ግን ከባድ ነው። ብዙዎቻችን ሳናመዛዝን የምናስተምረውን ትምህርት ደካማ ቦታውን ነክቶታልና በችኮላ አላልፈውም።

በመጀመሪያ የተማሩት ትምህርት ከየት እንደ መጣ እንይ። የሂፖው አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስለ ሥላሴ በጻፈው ትልቅ ሥራው በሰው ነፍስ ውስጥ ማስታወስን፣ ማስተዋልንና መፍቀድን አገኘ። ሦስት ሆነው ሳለ አንዲት ነፍስ ናቸውና ለሥላሴ ምስጢር ምሳሌ አደረጋቸው። በግእዝ ያስተማሩ ሊቃውንትም ተቀራራቢ መንገድ አላቸው፤ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት (የምታስብ፣ የምትናገርና ሕያው የሆነች) ናት፣ ልብ ለአብ፣ ቃል ለወልድ፣ እስትንፋስ ለመንፈስ ቅዱስ ይመሰላሉ ይላሉ። ውብ ትምህርቶች ናቸው፤ እኔም በደስታ አስተምራቸዋለሁ።

ነገር ግን የተነሡበት ጥያቄ ሌላ ነበር። ሊቃውንቱ አንዱ አምላክ በሦስት አካላት መኖሩን በሰው አእምሮ አቅም ለማስረዳት የሚቀርብ ምሳሌ ይፈልጉ ነበር። ከሰዎች መካከል የእግዚአብሔር መልክ ያለው ማን ነው፣ የሌለውስ ማን ነው ብለው ሰውን ለመለየት አልተነሡም። ምሳሌውን ከቦታው አንሥተን የሰውነት መለኪያ ያደረግነው እኛ ነን። መለኪያ ባደረግነው ጊዜ ደግሞ የተወለደ ሁሉ ሕፃን፣ ራሱን ስቶ የተኛ በሽተኛ፣ አእምሮው ሳይዳብር የተወለደ ልጅ፣ የእርስዎም አባት በአንድ ጊዜ ከመለኪያው በታች ወደቁ። ትምህርት የተፈጠረውን ሰው በግማሽ የሚያስቀር ከሆነ ስህተቱን ከትምህርቱ ውስጥ መፈለግ እንጂ ሰውየውን መጠርጠር አይገባም። አውግስጢኖስ ራሱ እንኳ ወደዚህ መደምደሚያ አልሄደም። በዚያው ሥራው 14ኛ መጽሐፍ ላይ ይህ መልክ የለም እስከሚባል ድረስ ቢደበዝዝ፣ ቢጨልምና ቢበላሽ፣ ወይም ጠርቶና አምሮ ቢታይ ሁልጊዜ አለ ይላል። አባትዎ ምናልባት ይህን ክፍል ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እንመለስ። መጽሐፉ ሰው በእግዚአብሔር መልክ እንደ ተፈጠረ ይናገራል እንጂ መልኩ ይህ ነው ብሎ አይዘረዝርም። ማሰብ ነው አይልም፤ መናገር ነው አይልም፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ነውም አይልም። የሚለው ሌላ ነገር ነው። ዛፎችና ፍሬዎች፣ ዓሦችና ወፎች፣ እንስሳትም እያንዳንዳቸው «እንደ ወገናቸው» ሆኑ። ሰው ላይ ሲደርስ ይህ አነጋገር ይቋረጥና በምትኩ «በመልካችን እንደ ምሳሌያችን» የሚል ይመጣል። ሌላው ፍጥረት ሁሉ የሚታወቀው በወገኑ ነው፤ ሰው ግን የሚታወቀው በፈጣሪው ነው። ምዕራፉ ሰው ምን ምን እንዳለው ከመቁጠሩ በፊት የማን እንደ ሆነ ይናገራል።

ይህ ቃል መጀመሪያ በተሰማበት ዓለም ምን ያህል ደፋር እንደ ነበረ ማወቅም ይጠቅማል። የግብጽ ፈርዖኖች የአማልክት መልክ ይባሉ ነበር፤ ቱታንክአሙን የሚለው ስም «ሕያው የአሙን መልክ» ማለት ነው። የአሦር ነገሥታት ድል ባደረጉት አገር ምስላቸውን ያቆሙ ነበር። ንጉሡ በአካል ባልተገኘበት ቦታ ምስሉ ግዛቱ የማን እንደ ሆነ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በሰሜን ምሥራቅ ሶርያ፣ ቴል ፈኸሪያ በሚባል ቦታ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጎዛን የሚላትን አገር ያስተዳደረ የአንድ ገዥ ሐውልት ተገኝቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ እንደ ሆነ ይገመታል። በላዩ በአሦር ቋንቋና በአራማይስጥ የተቀረጸው ጽሑፍ ሐውልቱን በሁለት ስሞች ይጠራዋል፤ ሁለቱም በዘፍጥረት «መልክ» እና «ምሳሌ» ከተባሉት የዕብራይስጥ ቃላት ጋር አንድ ሥር ያላቸው ናቸው። ገዥው ምስሉን ያቆመው በአምላኩ ፊት ነበር።

በዚያ ዓለም እንግዲህ የአምላክ መልክ መባል ለንጉሥ የተጠበቀ ክብር ነበር። የቀረው ሕዝብስ? አትራሐሲስ በሚባለው የመስጴጦምያ ጥንታዊ ትረካ አማልክት ድካም ሲመራቸው ሸክማቸውን እንዲሸከምላቸው ሰውን ይፈጥራሉ። ዘፍጥረት ይህን ሁሉ ገለበጠው። የዙፋን ክብር የነበረውን ለሰው ልጅ በሙሉ ሰጠው፤ «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው» ብሎም ማንም ከውጭ እንዳይቀር አደረገ። ብሉይ ኪዳንን ሳስተምር ኖሬ ይህ ቁጥር ዛሬም ያስደንቀኛል። ለማኙም፣ ባሪያውም፣ ገና ጡት የሚጠባውም ፈርዖን ብቻ ይጠራበት በነበረው ማዕረግ ተጠሩ። በኦሪት የተቀረጸ ምስል መሥራት ለምን እንደ ተከለከለም ከዚህ አቅጣጫ ሳየው ይበልጥ ይገባኛል። እግዚአብሔር በምድር ላይ የራሱን መልክ አስቀድሞ አቁሟል፤ ሕያውም ነው፤ ሌላ ምስል ማቆም የእርሱን ሥራ መናቅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። «መልኩ የእግዚአብሔር እንደራሴ መሆን ከሆነ፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ምን ያስተዳድራል? ከማሰብ ወደ መሥራት አዞርኸው እንጂ ችግሩን አልፈታኸውም» ይለኛል። ተገቢ ሙግት ነው። መልክን ከመግዛት ሥራ ጋር ብቻ የሚያያይዙ የዘመናችን መምህራን ብዙ ጊዜ ሳይመልሱት ያልፋሉ። መልሱ ያለው በምዕራፉ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። እግዚአብሔር በመልኩ ፈጠራቸው፤ ቀጥሎ ባረካቸው፤ ከዚያ በኋላ ግዙ አላቸው። ሥራው ከመልኩ ይወጣል፤ መልኩ ከሥራው አይገኝም። ሾሞ ያቆመው እግዚአብሔር ነውና ሹመቱ የሚሻረው በእርሱ ቃል እንጂ በተሿሚው ድካም አይደለም። እንዲህ ያለ የሽረት ቃል ደግሞ በመጽሐፉ ሁሉ አላገኘሁም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልኩን በግንኙነት ውስጥ፣ እኔና አንተ ተባብሎ በመኖር ውስጥ ያየው የስዊዘርላንዱ የነገረ መለኮት ሊቅ ካርል ባርትም ያው ሙግት ይገጥመዋል። ግንኙነቱ የቆመው ሰው በሚሰጠው መልስ ላይ ከሆነ አባትዎ መልስ መስጠት ሲያቅታቸው ይፈርሳል፤ በእግዚአብሔር ጥሪ ላይ ከሆነ ግን አይፈርስም።

ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ነው፤ የስም ዝርዝር ስለሆነ ብዙ ሰው አያነበውም። እግዚአብሔር ሰውን በምሳሌው እንደ ፈጠረ ካስታወሰ በኋላ ወዲያው አዳም ልጅን «በምሳሌው እንደ መልኩ ወለደ፤ ስሙንም ሴት ብሎ ጠራው» ይላል። ያው አነጋገር እዚህ የአባትና የልጅ ጉዳይ ሆኖ መጣ። ወንጌላዊው ሉቃስም የጌታን የትውልድ ሐረግ ወደ ኋላ ቆጥሮ አዳም ላይ ሲደርስ «የእግዚአብሔር ልጅ» ብሎ ይፈጽማል። ልጅነት የሚገኘው በመወለድ ነው፤ በብልሃት፣ በትጋት ወይም በማስታወስ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ በእርጅናና በበሽታ ይጠፋ ነበር። እርስዎ ይህን በኑሮዎ አይተውታል። አባትዎ ስምዎን በረሱ ቀን ልጅነትዎ አልቀረም፤ እርሳቸውም አባትነታቸው አልተወሰደባቸውም። ከእግዚአብሔር ጋር ያለን ነገር ከዚህ የላላ ነው ብለን የምናምንበት ምክንያት የለም።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር አለ፤ ነገር ግን ዛሬ ከአባትዎ በግልጽ የሚታይዎ ሥጋቸው ስለሆነ ሳልነካው አላልፍም። ሥጋ የመልኩ ተካፋይ ነውን? ጉዳዩ ጥንትም ብዙ አውኳል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ እ.ኤ.አ. በ399 እግዚአብሔር እንደ ሰው ሥጋ አለው የሚሉትን የሚነቅፍ መልእክት ላከ፤ በግብጽ በረሃ ብዙ መነኮሳት ታወኩ። በዚያ ዘመን የነበረው መነኩሴና ጸሐፊ ዮሐንስ ካስያን፣ ሰራፒዮን ስለሚባል አረጋዊ መነኩሴ ይተርካል። ሽማግሌው እርማቱን ከተቀበለ በኋላ ለጸሎት ቆመ፤ ዘመኑን ሁሉ በልቡ ይዞት የኖረውን መልክ ግን ሊያገኘው አልቻለምና «አምላኬን ወሰዱብኝ» ብሎ አለቀሰ። እርማቱ ትክክል ነበር፤ እግዚአብሔር መንፈስ ነው፤ እጅና ዓይን የለውም። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር ሥጋ የለውም ማለት የሰው ሥጋ ከመልኩ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ከዚያ 200 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የልዮኑ ኢሬኔዎስ ሥጋን የሚንቁትን ሲቃወም በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ነፍስ ብቻዋን ሳትሆን ከአፈር የተበጀውም ሥጋ ያለበት ሙሉ ሰው ነው ብሎ አስተምሯል። ምክንያቱም ለእርሱ ግልጽ ነበር፤ አዳም የተበጀበት አብነት ሥጋ ሊለብስ ያለው ወልድ ነበር። ስለዚህ አባትዎን ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ ሲያገላብጡ አንድ ዕቃ እየጠበቁ አይደለም። በመልኩ የተፈጠረው ሰው እርሳቸው ናቸው፤ በእጅዎ የሚነኩት እርሳቸውን ነው።

ኃጢአትስ መልኩን አላጠፋውም ወይ የሚል አለ። ማርቲን ሉተር መልኩን ከመጀመሪያው ጽድቅና እግዚአብሔርን ከማወቅ ጋር ስላያያዘው በውድቀት ጠፍቷል እስከ ማለት ደርሷል። አነጋገሩ የውድቀትን ክብደት ለማሳየት እንደ ሆነ እረዳለሁ፤ ግን አልስማማም። ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ የሰው ልብ አሳብ ክፉ እንደ ሆነ ከተነገረ በኋላ፣ እግዚአብሔር ለኖኅ የሰውን ደም ማፍሰስ የከለከለው «ሰውን በእግዚአብሔር መልክ ፈጥሮታልና» ብሎ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በአንድ አንደበት እግዚአብሔርን ባርከን በእርሱ ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች መርገማችንን ሲወቅስ ስለ ጻድቃን ብቻ አልተናገረም። ኢሬኔዎስ መልክን ከምሳሌ ለይቶ መልኩ ለሁሉ ጸንቷል፣ ምሳሌው ግን በመንፈስ ቅዱስ ይታደሳል ማለቱ ሁለቱንም እውነቶች ለመያዝ ይረዳል፤ በዕብራይስጡ ሁለቱ ቃላት ያን ያህል የተራራቁ ባይሆኑም። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ ከሰሌዳ ላይ የተሳለ ሥዕል በእድፍ ቢሸፈን ሰሌዳው አይጣልም፣ ባለ መልኩ ራሱ መጥቶ በዚያው ሰሌዳ ላይ እንደገና ይሳላል ይላል። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ሰሌዳው የማይጣለው በላዩ የተሳለው መልክ ስለሚከበር ነው።

ባለ መልኩ መጣ። ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን «የማይታይ አምላክ ምሳሌ» ይለዋል። እንግዲህ የእግዚአብሔር መልክ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው ዓይኑን ወደ እርሱ ማንሣት አለበት። ይህን ስናደርግ ግን ያልጠበቅነው ይገጥመናል። ኢሳይያስ ስለ እርሱ መከራ ሲናገር «መልክና ውበት የለውም» ይላል። በመስቀል ላይ ጉልበቱ አልቆ፣ ተዋርዶ፣ ተጠምቶ ታየ። ከዚያም በመቃብር ዐደረ፤ አንደበቱ ዝም አለ፤ እጁ አልተንቀሳቀሰም። በዚያች ቀን በመቃብር የነበረው ሥጋ የእግዚአብሔር ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ነበርን? ፈጽሞ አልቀረም፤ መለኮቱ ከነፍሱም ከሥጋውም አልተለየም ብለን እናምናለን። ክብሩ በብርታትና በንግግር ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ቀን ምንም ባልቀረ ነበር። የሰው ደካማነት መልኩን አይሽረውም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለ መልኩ እኛ ከምንፈራው ደካማነት ሁሉ በታች ወርዶ አልፏል።

ይህ ትምህርት በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ የቃል ክርክር ሆኖ አልቀረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያዋ ቂሳርያ ከተማ አጠገብ ለድሆችና ለበሽተኞች ትልቅ መጠለያ ሠራ፤ ከዚያ ከተጠለሉት መካከል ለምጻሞች ነበሩ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ድሆችን ስለ መውደድ በሰበከው ስብከት የለምጻሞቹን ፊትና ጣት በሽታው እንዴት እንደ በላው አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚያም እነዚህ እንደ እኛ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠሩ ናቸው፣ ሥጋቸው ቢበላሽም ምናልባት መልኩን ከእኛ ይልቅ ጠብቀውት ይሆናል ይላል። የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ መክብብን ሲተረጉም ባሪያ ገዝቻለሁ የሚለውን ሰው ያፋጥጠዋል፤ የእግዚአብሔርን መልክ በስንት ሳንቲም ተመንኸው? ማን ሸጠልህ? ብሎ ይጠይቀዋል። ባርነት እንደ ዝናብና ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር ይመስል በነበረበት ዘመን እንዲህ መናገር ቀላል አልነበረም። ከሁሉ በላይ ልብ የምለው ግን ሁለቱም ሰዎች ለምጻሙን ወይም ባሪያውን ምን ታውቃለህ፣ ምን ትችላለህ ብለው አለመመርመራቸውን ነው። ክብሩን ያወቁት ከየት እንደ መጣ በማወቅ ነው።

የእርስዎን ጥያቄ በተቀበልሁ ጊዜ ቶሎ የመጣልኝ መዝሙር 8 ነበር። ዳዊት ጨረቃንና ከዋክብትን አይቶ «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው? ትጐበኘውም ዘንድ የሰው ልጅ ምንድር ነው?» ይላል። ይህ መዝሙር ዘፍጥረት 1ን በዜማ የሚተረጉም ነው፤ ክብርና ምስጋና መጎናጸፉም፣ በእጅ ሥራ ላይ መሾሙም ሁሉ እዚያ አለ። ነገር ግን ያስታውሱ፤ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የሚያስበው ሰው አይደለም፤ የሚታሰበው ነው። ሰው ሰው የሆነው እግዚአብሔር ስላሰበው ነው። አባትዎ በተማሩት ትምህርት ማስታወስ የመልኩ አንዱ ክፍል ሆኖ ተቀምጧል፤ መዝሙሩ ግን ከሰው ማስታወስ በፊት ያለውን የእግዚአብሔርን ማሰብ ያስቀድማል። ኢሳይያስ 49 ላይም እናት የማኅፀኗን ልጅ ልትረሳ ትችላለች፤ «እኔ ግን አልረሳሽም» ይላል እግዚአብሔር። የእናት ማስታወስ እንኳ ሊደክም እንደሚችል መጽሐፉ ያውቃል። የአባትዎ ዕድሜ፣ ያስተማሩት ትምህርት፣ በሌሊት ያደረሱት ጸሎት፣ የእርስዎም የሕፃንነት ስም ከእርሳቸው ቢጠፋ ከእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ ስል ግን የጠፋውን ነገር አቃልሎ መናገር አልፈልግም። ማሰብና መናገር የመልኩ መለኪያ አይደሉም ማለት ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። ሰው ለተሾመበት ሥራ የተሰጡት መሣሪያዎች ናቸው፤ እግዚአብሔርን ለማመስገን፣ ሰውን ለመውደድ፣ ምድርን በአደራ ለመጠበቅ። አባትዎ ያን ያህል ዘመን ያስተማሩት በእነዚያ ነው። ሲወሰዱ የሚያሳዝን ነገር ሆኗል፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያለቀሰው ሊያስነሣው እያወቀ ነው። «መልኩ ስላለ አታልቅሺ» የሚልዎት ሰው ቢኖር አይስሙት። እንዲያውም ልብዎ ይህን ያህል የሚያዝነው የሚሰቃዩት ሰው ታላቅ ክብር ያላቸው ስለሆኑ ነው።

ስለ ስድቡ የጠየቁኝ አጭር መልስ ይበቃዋል። የአንጎል የፊተኛው ክፍል ሰው ራሱን እንዲገታ ያስችለዋል፤ በሽታው እዚያ ሲደርስ ሰውየው ሳይፈቅድና ሳያውቅ የሚናገረው ነገር ይኖራል። ኃጢአት እውቀትና ፈቃድ ያለበት ነገር ነው። አባትዎ በሚገባ ሲያስቡ ምን ይናገሩ እንደ ነበር እርስዎ ያውቃሉ፤ እግዚአብሔርም ያውቃል። «የተደበቀው እውነተኛ ጠባያቸው አሁን ወጣ» የሚል ሰው ካለ ስለ በሽታውም ስለ ሰውም አያውቅም።

አብሮ መጸለዩን ይቀጥሉ። የመርሳት በሽታ የቅርቡን ነገር ቀድሞ ይወስዳል፤ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎትና በዜማ የተማሩት ብዙ ጊዜ ከሌላው ሁሉ በኋላ ይቆያል። ስለዚህ አዲስ ነገር አያንብቡላቸው። «አባታችን ሆይ»ን ወይም እርሳቸው አብዝተው ይደግሙት የነበረውን መዝሙር በዝግታ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይበሉ። ሲጠፋባቸው አያርሟቸው፤ እርስዎ ይቀጥሉ፤ የሚያገኙት ቃል ሲመጣ ይገባሉ። «እኔ ማን ነኝ?» እያሉ አይፈትኗቸው፤ ገብተው ስምዎን ራስዎ ይንገሯቸው፤ ተማሪዎቻቸው ይጠሯቸው በነበረው የክብር መጠሪያም ይጥሯቸው። አንድም ቃል ሳይመልሱ ቢቀሩ ጸሎቱ ባዶ አልቀረም። ጳውሎስ እንዴት እንድንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ብሏል፤ ይህ ቃል ከማንም ይልቅ ቃል ለጠፋበት ሰው ይሠራል።

ስለ ራስዎም አንድ ነገር ልበል፤ በጥያቄዎ መካከል እንቅልፍ ካጡ ብዙ ጊዜ እንደ ሆነዎት፣ በቁጣ የተናገሩት ቃልም እንደሚያሳድድዎት ጠቅሰዋልና። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠሩት አባትዎ ብቻ አይደሉም። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ መገበው፤ ኤልያስም እንደገና ተኛ፤ ተልእኮው የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። በተናገሩት ቃል ንስሐ ይግቡና ይተዉት። ከዘመድ ወይም ከምእመናን መካከል በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ የሚገባልዎት ሰው በግልጽ ይጠይቁ፤ «ከቻላችሁ» ብለው በጥቅሉ አይበሉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጠው ይንገሯቸው። ሕመሙ እየጸና ሄዶ ቤት ውስጥ መጠበቅ ከአቅምዎ በላይ ከሆነና የሠለጠነ ረዳት ካስፈለገ፣ ያን ማድረግ አባትን መጣል አይባልም። የሚጠበቅብዎ ክብራቸው እንዳይነካ ማረጋገጥ ነው፤ በሚያጥቧቸው ጊዜ እንዲሸፈኑ፣ በስማቸው እንዲጠሩ፣ በፊታቸው ስለ እርሳቸው እንደሌሉ ሆኖ እንዳይወራ። ይህን ለረዳቱ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።